የማማው ድምፅ

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም። ባለቤቴ ከድጃ «አንተው ካልተናገርከው የመርሳ ሰው ቅመም ጨምሮ ይናገርልሃል» ብላኝ ነው። እውነቷን ነው፤ የኛ ሰው ወሬ ሳይቀምም አያቀርብም።

ሚስባህ እባላለሁ። መርሳ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ሞባይል እጠግናለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። «ሚስባህ የማያውቀው ስልክ ገና አልተሠራም» ይሉኛል፤ እኔም ሞኙ አምኜ ተቀብያለሁ። ሰው ሲያሞግሰኝ እምቢ ማለት አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ በሽታ ነው፤ ጣጣውም የመጣብኝ ከዚሁ ነው።

ባለፈው ክረምት የአንድ ደንበኛ ስልክ ድምፅ ማጉያ ቀይሬ፣ ይሰማ እንደሆን ልሞክር ብዬ ያገኘሁትን ቪዲዮ ከፈትኩ። አንድ ጎረምሳ በአማርኛ እያወራ፣ ስልኩ ላይ ባለቀለም ጡብ የመሰሉ ነገሮችን በጣቱ እየጎተተ ይደረድራል። አንዱ ጡብ «ሲነካ» ይላል፣ ሌላው «ዝለል»። ሁለቱን ሲያገጣጥማቸው ስክሪኑ ላይ የነበረችው ፍየል ዘለለች! «አንድ ፊደል ኮድ ሳትጽፉ ጨዋታ መሥራት ትችላላችሁ፤ መሥሪያውም በነፃ ነው» አለ። አጃኢብ! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የስልክ ሆድ ስከፍት ኖሬ፣ ጨዋታ የሚሠራው ውጭ አገር ያለ የተማረ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ደንበኛው ስልኩን ሊወስድ ሲመጣ «ትንሽ ይቀረዋል» ብዬ መለስኩት። ቪዲዮውን አልጨረስኩም ነበራ።

ከቪዲዮው ሥር የቴሌግራም ግሩፕ ነበር፤ እንደኔ ያሉ ጀማሪዎች የሚጠያየቁበት። ገባሁ። ባይሳካልኝ መሳቂያ እንዳልሆን በስሜ ሳይሆን «ጀማሪው» ብዬ ገባሁ። ግሩፑ አናት ላይ ሁለት ደንቦች ተለጥፈዋል። አንደኛው፣ በጀማሪ ጥያቄ አይሳቅም ይላል። ሁለተኛው፣ ከሰው ሥራ ላይ የወሰደ፣ ቀለም እንኳ ቢሆን፣ የባለቤቱን ስም በጨዋታው መጀመሪያ ገጽ ላይ ይጽፋል ይላል። ሁለቱንም አንብቤያቸዋለሁ። አላነበብኩም ብዬ እንዳልዋሽ ነው ይህን የምነግራችሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰውዬ ሠራሁ። ሰውዬው ግን መሬት ላይ አይቆምም፤ ባስቀመጥኩት ቁጥር መሬቱን ሰንጥቆ ቁልቁል ይወርድና ይጠፋል። ሦስት ቀን ሙሉ ከስልክ ጋር ተጨቃጨቅኩ። «ቁም እንጂ፣ አንተ ከንቱ!» ስል ሰምታ ከድጃ «ደሞ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» አለችኝ። መጨረሻ ላይ ግሩፑ ውስጥ ጠየቅኩ፤ «የልጆች አባት ነኝ፣ እንዳትስቁብኝ» ብዬ።

አልሳቁም። ኢሕሳን የምትባል ልጅ ወዲያው መለሰችልኝ። «ጋሼ ጀማሪው፣ መሬቱን ስለሣሉት ብቻ መሬት አይሆንም። ጠጣር መሆኑን ይንገሩት» አለችና፣ የትኛው ጡብ የት እንደሚገባ በፎቶ ላከችልኝ። ሰውዬዬ ቆመ! ሱቄ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከዚያ በኋላ ምን አለፋችሁ፣ በተደናቀፍኩ ቁጥር ኢሕሳንን ነው የምጠይቀው። አንድም ቀን «ይህን እኮ ነግሬዎት ነበር» ብላኝ አታውቅም። የውርጌሳ ልጅ ናት፤ የመርሳ ሰው መሆኔን ስነግራት «ጎረቤቴ ነዎታ!» ብላ ደስ አላት። ስሜን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ጥቅምት ላይ ኢሕሳን የራሷን ጨዋታ ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። የማሽላ ማሳ ነው። መሐሉ ላይ ማማ ቆሟል፤ የግሪሳ መንጋ ይመጣል፤ አንተ ማማው ላይ ሆነህ በወንጭፍ ታባርራለህ። ወፉ ሲበዛብህ አንዲት ቁልፍ አለች፤ እሷን ስትነካ አንድ ሰውዬ «ሃያ ሃያ ሃዮ!» ብሎ ይጮሃል፣ መንጋው ግር ብሎ ይነሣል። እኔም በልጅነቴ ማማ ላይ ውዬ አውቃለሁ፤ ያን ጩኸት ስሰማ ገላዬን ወረረኝ። «ድምፁ የአባቴ ነው። ሥራው ክፍት ነው፣ እየፈታችሁ ተማሩበት» ብላ ጽፋለች።

ፈታሁት። ወላሂ፣ መጀመሪያ ለመማር ብቻ ነበር። ሰማዩ የረፋድ ሰማይ ነበር፤ እኔ ቀይ አደረግኩት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደሚሆነው። አማረልኝ። የአባትየውን ድምፅ በራሴ ልተካው ሞክሬ ነበር፤ የኔ ጩኸት የሚኒባስ ረዳት «ወልድያ! ወልድያ!» ሲል መሰለብኝና ተውኩት። እንዲህ ስነካካ ከድጃ በትከሻዬ በኩል አይታ «አንተ! ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?» አለችኝ። ዓይኗ በራ። ከተጋባን አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው፤ እንደዚያ አድርጋ ካየችኝ ቆይታለች። ዝም አልኩ። ዝም ያለ ሰው አልዋሸም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በማግስቱ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ የኢሕሳንን ስም አጠፋሁና «የሠራው ሚስባህ» ብዬ ጻፍኩ። ይኼኛው ዝምታ አልነበረም።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሼኽ አብዱልሐሊም ቤት ዱዓ ነበር። ሼኽ አብዱልሐሊም የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። እሳቸው ሳይመርቁ ሙሽራ አይወጣም፣ ሱቅ አይከፈትም። ከድጃ ያወራችው ደርሶት ኖሮ፣ ከተቀመጡት አንዱ «ሚስባህ እኮ ጨዋታ ሠራ፣ ለሼኹ አሳያቸው» አለ። ሰጠኋቸው። ሼኹ በአውራ ጣታቸው ወንጭፉን እየሳቡ ግሪሳውን ሲያሳድዱ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ያቻት በቀኝ! አመለጠችዎት!» ይላል ሰው። አባቴም ጥግ ተቀምጦ ከሁሉ በላይ ይስቅ ነበር፤ ኮርቶብኛል። ከዚያ ሼኹ የጩኸቷን ቁልፍ ነኩ።

«ሃያ ሃያ ሃዮ!»

ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቆመ። ደግመው ነኳት። ሦስተኛም ነኳት።

«ድምፁ የማን ነው፣ ልጄ?»

«ከኢንተርኔት የመጣ ነው፣ ሼኽዬ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «የዚህን ሥራ ባለቤት አላህ ይባርከው። ዕውቀት ይጨምርለት። ከክፉ ዓይን ይጠብቀው። የአባቱንም ቀብር ብርሃን ያድርግለት» አሉ። ቤቱ ሙሉ «አሚን!» አለ። በሕይወት ያለው አባቴ እዚያው ጥግ ተቀምጦ «አሚን» አለ። እኔም አልኩ። ሼኹ አርጅተው ነው፣ አባቴ መኖሩን ረሱት ብዬ አለፍኩት።

የሼኹ ምርቃት ወሬው ከተማውን ዞረ። በሳምንቱ ወንዳወቅ የሚባል የከተማ አስተዳደሩ ባለሙያ ሱቄ መጥቶ «ሼኹ የመረቁትን ጨዋታ አሳየኝ» አለ። ወልድያ ላይ የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርእይ ሊከፈት ነው፤ ካንተ የተሻለ ማንን እንልካለን አለኝ። ያኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሰው ሲያሞግሰኝ እምቢ ማለት አልችልም ብያችኋለሁ። መዘገበኝ።

ዐውደ ርእዩ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ኢሕሳን ለብቻዬ ጻፈችልኝ።

«ጋሼ ጀማሪው፣ ጨዋታዬን ላስመዘግብ ወልድያ ሄጄ ነበር። ይህ የመርሳ ሰው ሥራ ነው፣ አንቺ ገልብጠሽ ነው አሉኝ። ሰው ፊት ነው ያሉኝ። እስከ ሐሙስ የኔ መሆኑን ካላስረዳሁ ይሰርዙኛል። አንቱ የመርሳ ሰው ነዎት፤ ሰውየውን ያውቁት ይሆን? ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል እኮ። ጀማሪ ከሆነ ደንቡን ሳያውቅ ይሆናል።»

ሳያውቅ ይሆናል! ያቺ ልጅ በኔ ሌብነት ሌባ ተብላ፣ ለሌባው ምክንያት ትፈልግለታለች፤ ያውም ከሌባው ጋር እየተማከረች። የሱቄን በር ከውስጥ ዘግቼ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ሲያንኳኳ ትንፋሼን ዋጥኩ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባላል። የኔ ዓይን ደርቆ ነበር፤ ያን መልእክት ካነበብኩ በኋላ ግን ሱቄ ግድግዳ ላይ የሰቀልኳትን የመስታወት ቁራጭ እንኳ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

ወዴት ልሂድ? ጥፋት ሲሠራ በኛ አገር ሽማግሌ ይላካል። ሼኽ አብዱልሐሊም ጋ ሄድኩ። ብቻቸውን መስገጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ሼኽዬ፣ ውርጌሳ ሄደው ያስታርቁኝ» አልኳቸው። «አንቱን ስታይ ይቅር ትለኛለች። ወልድያ ላሉትም አንቱ ቢናገሩልኝ…»

«ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ሰው ነው» አሉኝ። «ልጅቱ ካንተ ጋር መች ተጣላች? የበደልካት አንተ መሆንህን እንኳ ገና አልነገርካት። እኔን ልከህ አንተ ከኋላዬ ልትደበቅ ነው?»

«እሺ፣ ምርቃቱንስ ምን ላድርገው? የማይገባኝን ምርቃት ወስጃለሁ።»

«የቱን ምርቃት?» አሉ፣ እንደመቆጣት ብለው። «እኔ የመረቅኩት የሥራውን ባለቤት ነው። አንተን መች መረቅኩህ?»

አንገቴን ደፋሁ። ሼኹ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።

«ያ ድምፅ የውርጌሳው ኢዘዲን ድምፅ ነው። ማሳችን የተዋሰነ ነበር። እሱ ከሱ ማማ፣ እኔ ከኔ ማማ፣ ሠላሳ ዓመት ስንጯጯህ ኖረናል። ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አፈሩን በዚህ እጄ ነው የመለስኩበት። ስልክህ ላይ ሲጮህ ስሰማው ከልጆቹ አንዱ እንደሠራው ገባኝ። የማን ነው ብዬ የጠየቅኩህ አጥቼው አይደለም። እንድትነግረኝ ነው። ጠበቅኩህ እኮ፣ ልጄ።»

አባቷ መሞቱን አላውቅም ነበር። ያ «አሚን» ትዝ አለኝ። የሟቹን ድምፅ ከኢንተርኔት ነው ብዬ፣ ለቀብሩ በተደረገ ዱዓ ላይ እኔም አባቴም አሚን ብለናል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ያ መጀመሪያ የሠራሁት ሰውዬ ምንኛ ታድሏል፤ እሱ ሰንጥቆ ይወርዳል። እኔ ግን ተነሥቼ፣ ጫማዬን አድርጌ፣ በበሩ መውጣት ነበረብኝ።

ማታውን ለከድጃ ነገርኳት። አልጮኸችም። «ያን ቀን ስጠይቅህ ዝም ያልከው ለዚህ ነው?» ብላ ፊቷን አዞረች። ረቡዕ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልድያ ገባሁ፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ መመዝገቢያው። መዝጋቢዋ ልዕልት የምትባል ሴት ናት። አዳራሹ ሥራቸውን በሚያዘጋጁ ሰዎች ተሞልቷል። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ልነግራት አሰብኩ። ከዚያ ኢሕሳን «ሰው ፊት ነው ያሉኝ» ያለችው መጣብኝና ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«የመርሳው ሰው እኔ ነኝ። ጨዋታው የኢሕሳን ኢዘዲን ነው። ሌባው እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም።»

እዚያ እንደ ግሩፑ አይሳቅም የሚል ደንብ የለም፤ ሳቁብኝ። አንዱ «የሰው ወርቅ አያደምቅ!» አለ ከኋላ። ልዕልት አልሳቀችም። ወረቀት ሰጥታ የተናገርኩትን አጻፈችኝና አስፈረመችኝ፤ ስሜን ሰረዘች፣ የኢሕሳንን ጻፈች። ስወጣ ላቤ ሸሚዜን አርሶት ነበር።

መናኸሪያው ላይ ተቀምጬ ግሩፑ ውስጥ «ጀማሪው» የሚለውን አጥፍቼ «ሚስባህ፣ ከመርሳ» አልኩ። የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ እኔ የቀየርኩትንም ጨዋታ አብሬ ለጠፍኩ። «ደንቡን አውቀዋለሁ። ሳላውቅ አይደለም፣ ኢሕሳን» ብዬ ጨረስኩ። የሰደቡኝ አሉ፤ ይውጣልን ያሉም አሉ። ኢሕሳን ምንም አልመለሰችም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሱቄ ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

እሑድ ከሰዓት፣ ዐውደ ርእዩ በተከፈተ ማግስት፣ ጨዋታውን እንደገና ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። «ወልድያ ላይ ያሳየሁት ይህን ነው» ከማለት በቀር ምንም አልጻፈችም። ከፈትኩት። ማሽላው፣ ማማው፣ ግሪሳው አለ። ሰማዩ ግን የረፋድ አይደለም። ቀይ ነው፤ እኔ ያደረግኩት ቀይ። ማሽላው ላይ የበለጠ አምሮ ታይቷት ይሆናል፣ እንጃ፣ አስቀርታዋለች። መጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦

«የሠራችው ኢሕሳን ኢዘዲን። ድምፅ፣ ኢዘዲን፣ አላህ ይዘንለት። የሰማዩ ቀለም፣ ሚስባህ፣ ከመርሳ።»

ደንቡ ነዋ። ከኔ ቀለም ወሰደች፣ ስሜን ጻፈች።

ስድብ ብትጽፍልኝ እችለው ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ ብትለኝም አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ስልኩን ለከድጃ ሰጠኋት፤ ሦስቱንም መስመር ቀስ ብላ አነበበችና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔ እስከ ዛሬ ያን ጨዋታ ከመጀመሪያው ገጽ አልፌ መጫወት አልቻልኩም።