ሸምሱ ያሻገረው ልዑል

«ለአያትሽ አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል» አለ የሟቹ የስደት ጓደኛ ከፍያለው፣ ኪችን ውስጥ ሐዊ አጠገብ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለቅሶውስ እንደሆነ ተቀምጠናል። የኑሩንም መርዶ አብረን እናርዳቸውና አልቅሰው ይውጣላቸው።»

ሐዊ ሻይ የደረደረችበትን ትሪ መልሳ አስቀመጠች። አባቷ ሸምሱ ከተቀበረ ገና ሳምንት አልሞላውም። ዳላስ አጠገብ ዩለስ ያለው ቤታቸው ኤርፖርት አብረውት ታክሲ በነዱ ሰዎች ተሞልቷል። የሟቹ እናት፣ አያቷ ዘሀራ፣ ሳሎን ፍራሽ ላይ ናቸው።

«አጎቴ ኑሩ ሱዳን ጠፋ አይደል እንዴ ያላችሁኝ?»

«ሱዳን አልደረሰም። ከአፈሳ ሸሽተን ተከዜን በዋና ስንሻገር ወታደሮቹ ዳር ሆነው ‹ተመለሱ፣ ምንም አናደርጋችሁም› አሉ። ልጅ ነው፣ ደክሞታል፣ አመናቸው። እኔና አባትሽ እያየን ገደሉት።»

ሐዊ ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። የምታውቀው ግን የነገሥታት ታሪክ አድርጋ ነው።

ሸምሱ እጁ ዳላስ መሪ ይጨብጥ እንጂ ልቡ ደማስቆ ነበር። ልጁን ሲያስተኛ በተረት ፋንታ የኡመያዎቹን ኸሊፋዎች ያወጋታል፦ ሙዓዊያ ዙፋኑን ሲተክል፣ አብዱልመሊክ የራሱን ዲናር ሲያስመታ፣ ዑመር ኢብን አብዱልዓዚዝ የግል ጨዋታ ሲመጣ የመንግሥቱን መብራት እፍ ሲል። ከፍያለውንማ በየሄደበት ቤት መብራት እያጠፋ ስለሚዞር «ኸሊፋ ዑመር» ነበር የሚለው። በመጨረሻ ተቀናቃኞቻቸው አባሲዶች የኡመያዎቹን ዘር ሲፈጁ፣ ወጣቱ አብዱረህማን ከታናሽ ወንድሙ ጋር ኤፍራጥስ ውስጥ ዘሎ ይገባል። ፈረሰኞቹ ከዳር «ተመለሱ፣ አንነካችሁም» ይሏቸዋል። በሸምሱ አፍ ሁለቱም ተሻግረው እስከ አንዳሉስ፣ እስከ ስፔን ምድር አብረው ይዘልቃሉ። ሐዊ ኮሌጅ ገብታ ስታነብ ግን ታናሹ ተመልሶ ተገድሏል። ስትነግረው ሳቀባት።

«መጽሐፍሽ ቸኩሏል» አላት።

ማሻገሩንም አልተወም። እናቱ ከደሴ ከመጡ ወዲህ ደግሞ ማታ ማታ ለእሳቸው ያወጋቸው ነበር።

«ኦኬ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ሐዊ። ፈርታለች፤ እኚህን ሴት ሁለተኛ መግደል መሰላት።

አያቷ ገና ሳትቀመጥ እጇን ያዙ። «ነይ የኔ አበባ። ሰው ሞልቶም ቤቱ ጭር አለብኝ። የአባትሽን ንጉሥ አውጊኝ እስቲ።»

መግቢያ ተገኘላት። «ሶ... አብዱረህማንና ወንድሙ ወንዙ ውስጥ ገቡ። ሶልጀሮቹ ‹ተመለሱ› አሏቸው። ታናሹ በጣም ታየርድ ሆኗል። ሶ...»

«ተመለሰ» አሉ አያቷ ቀስ ብለው።

ሐዊ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አብሽሪ፣ አውቃለሁ። አባትሽ እዚህች ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበር ነበር። ሰው ለማያውቀው የንጉሥ ልጅ እንዲህ ይሆናል? እኔ እኮ ነኝ የወለድኩት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁትም፣ እማማ?»

«ማሻገሩን እንዳይተወው ነዋ! በየማታው ኑሩዬን ያሻግርልኝ ነበር። እኔ ‹እሰይ› ስለው ፊቱ ይበራል። እንዴት ብዬ ልከልክለው?»

ሐዊ አባቷን እንደዚያች ቅጽበት ወዳው አታውቅም። አያቷ ቀና ሲሉ ከፍያለው በሩ ላይ ተገትሮ አዩት፤ ሁሉንም ሰምቷል።

«አንተም ከእነሱ ጋር ነበርክ አይደል? ና፣ ልጄ።»

ከፍያለው ቆቡን አውልቆ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው፣ ገና ከወንዝ እንደወጣ ልጅ፣ ደረቅ ፀጉሩን በሻርፓቸው ጫፍ ያደርቁለት ጀመር።