የሻምፒዮኑ እጅ

ሽማግሌው ሻምፒዮን በቼዝ ሰሌዳው ላይ እጃቸውን ሲዘረጉላት ፋርማሲስቷ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ እንዴት ይጠብቃል? ደግሞም መሸነፋቸውን አምነው እጅ የሰጡ መስሏታል። እሳቸው በዓለም ዙሪያ ዋንጫ ሲሰበስቡ እሷ ገና አልተወለደችም። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ በመጣችበት በዚህ ዓለም አቀፍ ውድድር ደግሞ እስካሁን ያላሸነፋት ሰው የለም፤ ዛሬም ከተሸነፈች ነገ ቦታዋን ለቡድኑ ተጠባባቂ ትለቃለች። ግን ዛሬ በአንድ ወታደር ትበልጣቸው ነበር። ፊቷ በደስታ በራ።

ሻምፒዮኑ ሁለቱን ነገሥታት አንስተው ሰሌዳው መሀል አቆሙ። አቻ ማለታቸው ነው።

ዳኛው ጠጋ አለ። "አቻ ተስማምታችኋል?"

"እኔ እንኳ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነው የጨበጥኳቸው" አለች፣ በእፍረት አንገቷን ደፍታ።

ሻምፒዮኑ ሳቁ፤ ሳቃቸው ክፋት የለበትም። ሳይናገሩ እጅ መዘርጋታቸው የራሳቸው ጥፋት መሆኑንም አመኑ። ዳኛው፣ ካልተስማማች ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል አላት። ተመልካቹን ከሚከለክለው ገመድ ወዲያ አሰልጣኟ በጣቱ አየር ላይ ይፈርማል፤ አቻውን ፈርመሽ ነይ ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፤ ከአንበሳ መንጋጋ ማን ያወጣል ሥጋ? ይሉኝታውም አለ፤ የሽማግሌ እጅ መመለስ ከበዳት። ግን ገና ሲጨባበጡ የተሰማት ደስታ አልለቅ አላት።

"እንቀጥል" አለች።

ሻምፒዮኑ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እስካሁን እንደ ዋዛ የያዙትን ጨዋታ አሁን የምር ያዙት። የተማመነችባት ወታደር ብዙም ሳትቆይ ተበላች። ከዚያ በኋላ ሥራዋ መሸሽ ብቻ ሆነ። ላብ አጠመቃት፤ ምን ልሁን ብዬ ነው ያልፈረምኩት ስትል ራሷን ረገመች። ቢሆንም እየተበላሉ እየተበላሉ በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ ሁለቱ ነገሥታት ብቻ ቀሩ። አቻ።

አሰልጣኙ በር ላይ ጠብቆ ተቆጣት። "እጅሽ የገባውን ትተሽ ልቤን ልታቆሚው ነበር። ያው ግማሽ ነጥብ አይደል እንዴ?"

"ያው አይደለም፣ ጋሼ። ያኛውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።"

ትንሽ አብረው ከሄዱ በኋላ አሰልጣኙ አላስቻለውም። "ነገ የምትገጥሚው ከሳቸው ይብሳል። እጁን ከዘረጋልሽ ዝም ብለሽ ጨብጪ።"

"ሰሌዳውን አይቼ ነው" አለችው።