ከጃፓኑ የጎደለችው ምዕራፍ

አንድ መጽሐፍ አራት ወዳጆችን ሊያጣላ እንደሚችል ቡታጅራ ላይ የታወቀው፣ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ወልቂጤ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ ያንን ድንጋይ የሚያክል የጃፓን ልብ ወለድ ገዝተው የመጡ ጊዜ ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ምን ዓይነት ትዕግሥት እንደነበረው እግዜር ይወቅ። ውፍረቱን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይኼ ነገር ያልቃል?» ብሎ ነበር። ስሙ ረጅም ስለሆነ ማኅበርተኞቹ «ጃፓኑ» ብለው ጠሩት፤ በዚያው ጸና።

የንባብ ማኅበሩ አባላት አራት ብቻ ናቸው። ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ሰብሳቢ ናቸው። ሃኒ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ሙከሚል ከገበያው ጫፍ ልብስ ይሰፋል። አራተኛው የጋሽ ሀብተጊዮርጊስ የቀድሞ ተማሪ፣ አሁን ራሱ የባዮሎጂ መምህር የሆነው ምንተስኖት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሙከሚል ስፌት ቤት ይሰበሰባሉ። አንድ መጽሐፍ ለአራት ሲሆን የራሳቸው ብልኃት አላቸው፤ በምላጭ አራት ቦታ ይከፍሉትና ሙከሚል እያንዳንዱን ክፍል በስፌት መኪናው ይጠርዘዋል። ከዚያ እንደየዕጣቸው አንዱ ከራሱ፣ አንዱ ከወገቡ፣ አንዱ ከጭራው ይጀምራል፤ ሲጨርሱ ይለዋወጣሉ። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቅባቸዋል። እነሱ ግን ለምደውታል። «የሰው ታሪክም እኮ ከመሃሉ ገብተን ነው የምንሰማው» ይላሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ።

በጃፓኑ ላይ ሙከሚል ከወትሮው የበለጠ ተጠበበ። የመጽሐፉ ጠርዝ ተበልቶ ስለነበር «እንዲህ ተንጨፍሮ አይነበብም» ብሎ የአራቱንም ክፍል ግርጌ እንደ ቀሚስ ጫፍ በመቀስ ከረከመው። የገጽ ቁጥሩም አብሮ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ረገፈ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ተቆጡ፣ ሃኒ በሳቅ ፈረሰች። ምንተስኖት ግን የዚያን ቀን ምንም አላሰበም።

ታሪኩ የአንድ መታጠቢያ ቤት ጠባቂ ታሪክ ነው። ልጁ አንድ ቀን «ፎጣ ላምጣ» ብሎ ከቤቱ ጀርባ ባለው ደረጃ ይወጣል። ደረጃው ማለቂያ የለውም፤ ልጁም በዚያው ይቀራል። አባትየው ከደረጃው ሥር ለልጁ በርጩማ አስቀምጦ ይጠብቃል። በመካከሉ ፖስታ ቤት የተቀጠረ ዓሣ አለ፤ ደብዳቤ ያድላል፣ ደመወዝ ሲዘገይበት ያማርራል። ዝናብ የሚፈራ ጃንጥላም አለ። ምዕራፎቹ ራሳቸው ከዘጠኝ ወደ ዐሥራ ሁለት ይዘላሉ፤ ደራሲው ሆነ ብሎ ነው።

ለምንተስኖት የደረሰው ሦስተኛው ክፍል ነበር። አንድ ቀን እናቱ በርበሬ ግዛልኝ ብላው እንሴኖ ገበያ ሄደ። ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ የክፍሉን የመጨረሻ ምዕራፍ ያነብ ጀመር። በዚያች ምዕራፍ ልጁ ይወርዳል። ፀጉሩ ሸብቷል። ፎጣውን ለአባቱ ያቀብላል፤ አባትየውም የት ነበርክ ብሎ ሳይጠይቅ ሻይ ያፈላል፤ ሁለቱ በሁለት ስኒ ይጠጣሉ። ሌላ ነገር የለም። ምንተስኖት ከአንድ ጆንያ ቲማቲምና ከአንዲት ዶሮ መካከል ተጣብቆ ተቀምጦ አለቀሰ።

መጽሐፉን ሲዘጋ ክሩ ተተርትሮ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ወለቁ። የሙከሚል መኪና ጨርቅ እንጂ ወረቀት አልለመደችም። ለቃቅሞ ፌስታል ውስጥ ከተታቸው። ቡታጅራ መናኸሪያ ሲደርስ በርበሬውን ተሸክሞ፣ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወረደ፤ ፌስታሉን ረሳው። ትዝ ብሎት እየሮጠ ሲመለስ ረዳቱ የመኪናውን ወለል ይጠርጋል።

«ወረቀቱን ነው? ለኦቾሎኒ ሻጯ ሰጠኋት፤ መጠቅለያ አልቆባት ነበር» አለው።

ሴትዮዋን አገኛት። ወረቀቱ ግን ከኦቾሎኒው ጋር ከተማውን ዞሮ አልቋል። የቀረ እንዳለ ብሎ አንድ ጥቅልል ገዝቶ ፈታው፤ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ሆኖ ተገኘ።

ያኔውኑ ቢናገር ኖሮ ነገሩ በሳቅ ባለቀ። ነገር ግን ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ «መጽሐፍ ያጠፋ ከማኅበሩ ይወጣል» የሚል ሕግ አላቸው፤ ይህን ሕግ ከሁሉ አብልጦ የሚያስተጋባው ደግሞ ምንተስኖት ነበር። ሃኒ አንድ ጊዜ የሳል ሽሮፕ መጽሐፍ ላይ ስታፈስ ስንት ቅዳሜ ሙሉ አላገጠባት! አሁን በየትኛው አፉ ይናገር? የላላውን ክር በእናቱ መርፌ ሰብስቦ ሰፋና ሦስተኛውን ክፍል ለተረኛዋ ለሃኒ አሳልፎ ሰጠ። የገጽ ቁጥር የለ፤ ምዕራፉ ድሮም ይዘላል፤ አራተኛው ክፍል ስለ ልጁ ትንፍሽ አይልም። ማን ይወቅበት?

ማንም አላወቀበትም። ሁሉም አንብበው የጨረሱ ቅዳሜ ግን ስፌት ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ።

«ሙድ ነው የያዘብን!» አለች ሃኒ። «ይኼን ሁሉ አስነብቦን ልጁ የት ገባ? ወጣ፣ ቀረ፣ በቃ? እኔ ለበሽተኛ የመድኃኒቱን ግማሽ ሰጥቼ ብልከው ምን ይለኛል?»

«ወላሂ ሃኒዬ አልገባሽም» አለ ሙከሚል፣ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ እያወረደ። «ውበቱ እሱ ነው እኮ! ሰው ይሄዳል፤ የት እንደገባ አይታወቅም። ደራሲው ቢነግረን ይበላሽ ነበር። እኔ ያን ባዶ በርጩማ ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«እሺ ስኒዎቹስ? አራተኛው ክፍል ላይ አባትየው ሁለት ስኒ ያጥባል። ብቻውን የሚኖር ሰው ሁለት ስኒ ምን ይሠራለታል? ደራሲው ራሱ የጻፈው ጠፍቶበታል።»

«ሐዘን ነዋ! ያዘነ ሰው ለሄደውም ይቀዳል።»

ምንተስኖት ከወለሉ የወዳደቀ ክር ይለቅም ጀመር። ሁለተኛዋ ስኒ የማን እንደሆነች ከአራቱ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሃኒ «አንተስ ምንቴ? ከማን ወገን ነህ?» ብላ ስታፈጥበት «እኔ መሃል ነኝ» አለ። መሃል! በሬውን የሰረቀ ሰው ባለቤቱ ሲጠይቀው መሃል ነኝ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሲያዳምጡ የቆዩት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አሉ። «ያቺ ስኒ የልጁ ናት። አባትየው እስከዚያ ቀን ሳያጥብ ነበር ያስቀመጣት። አጠባት ማለት አበቃ ማለት ነው። ልጁ አይወርድም፤ አባትየውም ይኼን ተቀበለ። እኔም እንግዲህ ለኪዱ ለቅሶ ልቀመጥ ነው።»

ሃኒ አፏን በእጇ ያዘች። የሙከሚል እግር ከመኪናው መርገጫ ላይ ወረደ።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ኪዱ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ አላቸው ይባል ነበራቸው፣ አገሩ ሁሉ የሚፈራው ይኼንን ነው። ኪዱ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ሊገባ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። መጨረሻ የደወለው ከማላዊ ነበር። አብረውት የሄዱት ከፊሉ ገቡ፣ ከፊሉ ተመለሱ፣ እሱን ያየ የለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ ልታለቅስ ስትል «ሬሳ ሳይታይ አይለቀስም» ብለው ከለከሏት። «ኪዱ ቆጮ ይወድ ነበር» ካለች «ይወዳል በይ» ብለው ያርሟታል። አልጋው ዛሬም ተነጥፎ ያድራል። ይኼ ሁሉ ዓመት ዘመድም፣ ካህንም ያላሳመናቸውን ሰውዬ አንድ ጃፓናዊ በሁለት ስኒ አሳመናቸው። በሁለት ስኒና በምንተስኖት ዝምታ ማለት ይሻላል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የምንተስኖት ግን እያደር ከበደው። ክፍል ገብቶ ስለ ሴል ግድግዳ እያስተማረ ድንገት ቃሉ ይጠፋበታል። የጃፓን ልብ ወለድ ስለ ማላዊ መንገድ ምን ያውቃል እያለ ራሱን ያጽናናል። ወዲያው ደግሞ እኚህ ሰው ተስፋ የቆረጡት በመጽሐፉ አይደለም፣ እኔ በቀደድኩት ቀዳዳ ነው ይላል። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል፤ ኪዱ ገበያ ሄዶ ቢሆንስ? አንድ ቀን በጠዋት ተነሥቶ፣ በመንገዱ ላይ ባለችው በአረቅጥ ብርድ ጥርሱን እያንገጫገጨ ወልቂጤ ሄደ። መጽሐፍ ሻጩ «እሷን አንዷን ብቻ ነው ያየሁት፤ አዲስ አበባም ከገበያ ጠፍታለች» ብሎ መለሰው። ማስረጃ ይዞ ሊቀርብ አስቦ ነበር፤ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ የነፍስ አባታቸውን አማከሩ፤ ለዕድሩም ተነገረ። ለቅሶው እሁድ ሊሆን ቅዳሜ ከሰዓት ምንተስኖት ቆርጦ ተነሣ። ይነግራቸዋል፤ ቢሰድቡት ይሰደባል፣ ቢያባርሩት ይባረራል። ግቢው ሲደርስ ወይዘሮ አሰፋሽ የኪዱን ፍራሽ አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘርግታ አቧራውን ትመታለች። ዕድርተኞቹ ያመጡት ድንኳን ከአጥሩ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ግባ ልጄ። ጋሼ ውስጥ ናቸው።»

«እትዬ አሰፋሽ፣ እኔ እኮ... ይኼ ለቅሶ ትንሽ ቢቆይ...»

ቀና ብላ አየችው። «አንተም?» አለች። ድምፅዋ ቁጣም ልመናም የለበትም። «ሁሉም ቆዪ ይለኛል። ስንት ዓመት ቆየሁ። ሞቶ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ግን ደክሞኛል። ባይሞትም እንኳ አንድ ቀን ላልቅስለት። ያ መጽሐፍ ልባቸውን አራራልኝ፤ የጻፈውን ሰው እግዜር ይባርከው።»

ምንተስኖት ያሰበውን ሁሉ ሲያስብ ስለ እሷ አንድም ጊዜ አላሰበም ነበር፤ አሁን ፊቷን ሲያይ በዚህ ደግሞ አፈረ። እንዲያው በእግሩ ተመልሶ ቢሮጥ በወደደ። በዚህ መሃል ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ሦስተኛውን ክፍል ይዘዋል።

«ምንተስኖት! እግዜር አመጣህ፤ አንተኑ ልጠራ ነበር» አሉ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ከጎናቸው አስቀመጡት። «ይኼን ክፍል ከሁላችን ቀድመህ ያነበብከው አንተ ነህ። የኔ ዓይን ደክሟል። ትናንት እንደገና ጀመርኩትና አንድ ነገር ያጠራጥረኝ ጀመር፤ ቅጠል ዘልዬ እንዳይሆን። እስቲ ንገረኝ፤ ልጁ የሚወርድበት ቦታ አለ?»

ይኸው በሩ ተከፈተለት። ሳይለምን፣ ሳያስቸግር፣ አዛውንቱ ራሳቸው ከፈቱለት። አንዲት «አለ» ብቻ ነበር የምትፈለገው። ምንተስኖት አፉን ከፈተ። ወይዘሮ አሰፋሽ ፍራሹን መምታቷን ትታ፣ እጇ እንደተንጠለጠለ ታየዋለች። «አለ» ቢል እሷ ወደዚያ ዝምታ ትመለሳለች፤ አልጋው ይነጠፋል፤ «ይወዳል በይ» ትባላለች፤ ይኼም እስከ ዕለተ ሞቷ። «የለም» ቢል ደግሞ አንድን አባት፣ መምህሩን፣ በሕይወት ሊኖር ለሚችል ልጅ ለቅሶ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በታችም ሌላ ነገር ነበር፤ ደብቆ ለራሱም ሊነግረው የማይፈልገው፦ «የለም» ካለ ጥፋቱ ለዘላለም አይታወቅበትም።

«የለም ጋሼ» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አይወርድም።»

ለእሷ ብሎ ይሁን ለራሱ ብሎ ይሁን፣ ያኔም አላወቀም፤ ዛሬም አያውቅም። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ራሳቸውን ነቀነቁ። መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አጥፈው አስቀመጡና ወደ ፍራሹ ዞሩ።

«አሰፉ» አሉ፣ «ኪዱ ቆጮ ይወድ ነበር።»

ወይዘሮ አሰፋሽ እሁድን አልጠበቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን መታች፤ ጩኸቷ ከአጥሩ አልፎ ተሰማ። ጎረቤት በየበሩ እየወጣ ወደ ግቢው ይሮጥ ጀመር። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ምንተስኖት ትከሻ ላይ ተደግፈው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። እሱም አለቀሰ፣ ከመጡት ሁሉ በላይ አለቀሰ፤ ሴቶቹም «አይ የተማሪ ታማኝነት!» እያሉ አዘኑለት።

«ተባረክ ልጄ» አሉት አዛውንቱ በጆሮው፣ አንገቱን አንቀው ይዘው። «ሁሉም ያባብለኝ ነበር። እውነቱን የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ።»