የጠቦቱ አገጭ

ሰው በስተርጅናው በግ ደብዳቢ ተብሎ ይጠረጠራል? እኔ ነጋ ተጠረጠርኩ።

ናሲሞ የጎረቤቴ የአብዱላሂ ሚስት ናት። አብዱላሂና እኔ ድሬ ባቡር ጣቢያ አብረን ሠርተን አብረን ጡረታ ወጣን፤ እሱ አምና ከአረፋ በኋላ ሞተ። ዘንድሮ ናሲሞ ቀፊራ ገበያ ነግዳ ከምታገኘው ቆጥባ ለአረፋ የሚታረድ ጠቦት ገዛች፤ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ። «እሱ ከሞተ ቤቱ ባዶ ሆነ እንዳይባል ነው» አለችኝ። ቀን ገበያ ስለምትውል ገመዱን ለእኔ ትሰጠኛለች፤ ማታ እሷ ጋ ያድራል።

ሥራ ፈት ነኝና ደስ አለኝ። የደቻቱ ወንዝ በበልጉ ዝናብ ሞልቶ ካለፈ ወዲህ፣ ከድልድዩ ወዲያ ውሃው በተኛበት ዳር ለምለም ሣር በቅሏል። የሰው በግ ሁሉ ሳይጨርሰው እያልኩ በየቀኑ ወሰድኩት። ቀኑን ሙሉ ሲግጥ ይውላል። እሱ ግን ከሳ። ላቱ ሟሸሸ፣ ጎድኑ ተቆጠረ። የከሳ በግ ደግሞ ለአረፋ አይሆንም።

አንድ ማታ ናሲሞ ስትቀበለኝ እጇን አገጩ ስር ሰደደችና ቀጥ አለች።

«ጋሽ ነጋ፣ ይሄ ምንድነው?»

ዳበስኩት፤ እውነትም አብጧል። በሚቀጥሉት ቀናትም ጠዋት ስትሰጠኝ እብጠቱ የለም። ማታ ስመልሰው ደግሞ አለ።

«ወላሂ፣ እኔ ጋ ሲያድር ይድናል፣ አንተ ጋ ሲውል ያብጣል።»

ደሜ ፈላ። «መታኸው ነው የምትዪኝ?»

«እኔ አልኩ? ያየሁትን ነው የተናገርኩት አቦ!»

ከዚያ ወዲያ ጠዋትም ማታም እፊቴ አገጩን ትዳብሳለች፣ እንደ ጉምሩክ ፈታሽ። እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። ሌሊት ምን ታበላዋለች? አብሯት የሚኖረው የወንድሟ ልጅ አዩብስ? ደቻቱ ዳር ዓይኔን ሳልነቅል ዋልኩ፤ ማንም ድርሽ አላለም። ማታ ግን አገጩ አበጠ። ያኔ ራሴንም ጠረጠርኩ፤ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ይሆን?

አረፋ ሳምንት ሲቀረው ሐኪም ጋ እንውሰደው አልኳት። ገበያዋን ትታ መጣች፤ ለብቻዬ ልትሰጠኝ አላመነችኝም። ባጃጅ ውስጥ በጉን መሃላችን አድርገን ደረስን።

የእንስሳት ሐኪሟ አሚራ የበጉን የዓይን ሽፋን ገልጣ አሳየችን። ቀይ መሆን የነበረበት እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«የሆድ ትል ነው። ደሙን እየመጠጠው ነው።»

«አገጩንስ ማን መታው?» አለች ናሲሞ።

«ማንም አልመታውም። ደሙ ሲሳሳ ሰውነቱ ውሃ ይቋጥራል። ቀን አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ ውሃው አገጩ ስር ይወርዳል፤ ሌሊት ቀና ብሎ ሲያድር ይመለሳል።»

ናሲሞን ቀና ብዬ አየኋት። የረታሁ መሰለኝ። አሚራ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«የት ነው የሚግጠው?»

«ደቻቱ፣ ውሃው ዳር። ለምለሙ እዚያ ነው።»

«ትሉም የመጣው ከዚያ ነው። ብዙ በግ በጠጡን የሚጥልበት እርጥብ ሣር ላይ ይቆያል፤ በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል።»

ከድሬ ሣር ሁሉ መርጬ ያበላሁት እኔ ነኝ።

«መድኃኒት ከወሰደ ለአረፋ አይታረድም፤ ሥጋው ለጥቂት ሳምንት አይበላም» አለች አሚራ። «ካልወሰደ ደግሞ ይሞታል።»

ናሲሞ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ በጉን አየችው። «ስጪው» አለች በመጨረሻ።

በማግስቱ ጠዋት በሯ ሳይከፈት ቆየ። ገመዱን ዳግመኛ አትሰጠኝም ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። በኋላ የኔ በር ተንኳኳ። ናሲሞ በጉን በአንድ እጇ፣ ድርቆሽ በሌላው ይዛ ቆማለች።

«ደቻቱ እንዳትወስደው። እዚሁ ግቢህ ይብላ፤ ለከርሞው አረፋ አድርሰው።»

ማታ ስመልስላት አገጩ አሁንም ትንሽ አብጦ ነበር። እጇን ወደዚያ ዘረጋች። ከዚያ ሰበሰበችውና «ራት በልተሃል አቦ?» አለችኝ።