አሥራ አንድ ዙር ቀለም

ጊልዳርዶ ካምቢዮው የሚያፈስ መኪና ከሩቅ ያውቃል። ሾፌሩ ገና ሳይወርድ አንገቱን አውጥቶ መሬት መሬቱን ያያላ! ዶኛ ሩቢኤላ ግን አንድም ቀን መሬት አይታ አታውቅም። ጂፕዋን ከጋራዡ በር ላይ ታቆምና፣ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ትወርዳለች። ከዚያ "ዶን ጊልዳርዶ፣ ይኸው ደግሞ ጀመራት" ትላለች፤ ልጇን ጉንፋን እንደያዘባት እናት።

ይህን ማለት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በዓመት ሦስቴ፣ አንዳንዴም አራቴ። ባሏ ኦቪዲዮ ሲሞት የተወላት ነገር ቢኖር ገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ቤት፣ ሉስ ዳሪ የምትባል አንዲት ሴት ልጅና ይህች ዊሊስ ጂፕ ናት። ሌላ ሴት ብትሆን ጂፑን ሸጣ ቁጭ ትል ነበር። ሩቢኤላ ግን ሐዘኑ ሳይወጣ መሪ ጨብጣ ከአደባባዩ የጂፖች ተራ ገባች። ሙዝ፣ የቡና ጆንያ፣ ተማሪ፣ ዶሮ፣ አንዳንዴም ሬሳ ሳይቀር ያንን ዳገት ታወጣለች። መጀመሪያ የሳቁባት ሾፌሮች፣ ኋላ ላይ በዝናብ ቀን "እሷ ካለፈች እኛም እናልፋለን" ማለት ጀመሩ።

ጊልዳርዶ የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ ሚስት አግብቶ አያውቅም። ለምን ቢሉት "ሥራ በዝቶብኝ" ይላል፣ ሁለት መቶ መኪና በሌለበት ከተማ። ሙያው አይታማም። የሞተር ድምፅ ከማዶ ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል። ስለ ራሱ ግን አንዲት ቃል ካፉ አትወጣም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ለጊልዳርዶ ደጃዝማችነቱ ቀርቶበት ደህና ዋላችሁ ማለቱም በመከራ ነበር።

የዶኛ ሩቢኤላ ጂፕ በመጣች ቀን ግን ሰውየው ሌላ ሰው ነው። ሸሚዝ ይቀይራል። ከበሩ ጎን ያለችውን አግዳሚ ወንበር በንጹሕ ጨርቅ ይወለውላል። ፓኔላ የሚሉትን ጥቁር የሸንኮራ ስኳር በውሃ አፍልቶ አይብ ይቆርስበታል፤ እሷ የቀለጠውን አይብ በማንኪያ እየሳበች መብላት ትወዳለች። ከዚያ ከጂፕዋ ሥር ይገባና ፓራኦሊዮውን፣ ያንን ዘይት እንዳያመልጥ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ይቀይራል። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፤ እሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆየዋል። እሷ ከላይ ሆና ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቄሱ ድምፅ ታወራለች፤ እሱ ከታች "እህ" ይላል። ይወዳት ነበር። ከዚህ ዓለም የሚጠብቀው ነገር ቢኖር ያቺ ጂፕ እንደገና እንድታፈስ ብቻ ነበር።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት ስትመጣ ግን ፊቷ ሌላ ነው።

"ደግሞ ጀመራት?" አለ ጊልዳርዶ፣ ደስታው እንዳይታወቅበት እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

"ጀመራት። ዶን ጊልዳርዶ፣ የዛሬው ግን የመጨረሻ ይሁን።"

"ምኑ?"

"ማፍሰሷ ነዋ። ቅዳሜ መሄዴ ነው። ሉስ ዳሪ እዚያ ቪያቪሴንሲዮ ሥራ ይዛለች፤ ባሏ ከተዋት ወዲህ ሁለቱን ሕፃናት የሚይዝላት የለም። ቤቱን ሸጥኩት። ጂፕዋን ግን አልሸጥም፣ እየነዳሁ እሄዳለሁ።"

"የላ ሊኔያን ተራራ? በዚህች?"

"በምን ልሻገረው፣ በመጥረጊያ እንጨት?" አለች፤ ግን አልሳቀችም። "ተራራው አናት ላይ ካምቢዮው ቢደርቅ ማን ይደርስልኛል? ከተራራው ማዶ ደግሞ እርስዎ የሉም። እባክዎ፣ አንዴ በደንብ ይሥሩልኝ።"

"እሺ" አለ ጊልዳርዶ። የፓኔላ ውሃውን ቀዳና አይቡን መጨመር ረሳ። እሷም አላስታወሰችውም።

ዊልማር የሚባል አፉ የማያርፍ ሾፌር በበሩ ሲያልፍ አንገቱን አስገባ። "ዶን ጊልዳርዶ! እርስዎና ይቺ ጂፕ ለምን አትቆርቡም? ደግሞ እኮ የምታፈሰው እሷ ትሁን እርስዎ አልለይ አለን!"

"ሂድ፣ ተራህ እንዳያልፍህ" አለችው ሩቢኤላ። "ባለፈው ያንተን ጂፕ ጭስ አይቶ ቄሱ አዲስ ፖፕ የተመረጠ መስሎት ደወል ሊደውል ነበር።"

ዊልማር እየሳቀ ሄደ። ሌላ ቀን ቢሆን ጊልዳርዶም ይስቅ ነበር።

ከጂፕዋ ሥር ወዳለው የጋራዡ ጉድጓድ ወርዶ የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ። ከካምቢዮው የወጣው ዘይት ከሚገባው ግማሽ አይሞላም። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ አወረደ፤ ማያያዣውን ጎትቶ አወጣ፤ ፓራኦሊዮውን በካቻቢቴ ፈንቅሎ ሊወረውረው ሲል እጁ ቆመ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሮጌውን ፓራኦሊዮ ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። አውጥቶ ይጥላል፣ አዲስ ይመታል፣ አለቀ። ዛሬ ግን "በደንብ" ተብሏል። ወደ ብርሃኑ አዞረው። ከሦስት ወር በፊት ያስገባው ጎማ አልተበላም፣ አልደረቀም፣ አልተሰነጠቀም። ዘንጉን በጥፍሩ ዳሰሰ፤ ጭረት የለውም። ኩሽኔታውን ወዘወዘ፤ አይላወስም።

ታዲያ ይህን ዘይት በዚህ ጎማ በኩል ምን ገፍቶ አስወጣው?

ይህን ጊዜ የጊልዳርዶ ፊት በሐፍረት ጋለ። መልሱ ሥራ በጀመረ በሁለተኛ ሳምንቱ የተማረው ነው። ካምቢዮ ሲሠራ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። ለዚያ አናቱ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ መተንፈሻ የሚሏት። እሷ ከተደፈነች አየሩ ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል እየገፋ ያስወጣዋል፤ የፈለገ አዲስ ይሁን። ካምቢዮ አፈሰሰ ሲባል መጀመሪያ የምትታየው እሷ ናት። ጀማሪ እንኳ ያውቃታል።

ከጉድጓዱ ወጥቶ የጂፕዋን የወለል ቆርቆሮ አነሳ። ካምቢዮው እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ በቀይ ቀለም ያብረቀርቃል። የጥቅምቱ ሰልፍ ጣጣ ነው። በሰልፉ ቀን ጂፕ ላይ ቡናውም ሙዙም አልጋውም የቅዱሳኑ ሥዕልም ከኋላ ይቆለልና፣ የፊት እግሯን አንስታ በሁለት ጎማ ብቻ አደባባዩን ትዞራለች። ያን ጊዜ ሆዷ ለሕዝብ ይታያል። ሆዷ የቆሸሸ ጂፕ ይዞ የወጣ ሾፌር እስከሚመጣው ጥቅምት መሳቂያ ነው። ስለዚህ ሁሉም ከሰልፉ በፊት ከላይም ከታችም ይቀባል። ኦቪዲዮ እንዲያ ያደርግ ነበር፤ ሩቢኤላም ከሱ በኋላ አንድ ዓመት አላስታጎለችም።

መተንፈሻዋን በጣቱ ፈለጋት፤ የለችም። በቦታዋ ያለው የቀለም እብጠት ነው። በሰንጢ ጫፍ ፋቀው። ቀይ፤ ከሥሩ ሰማያዊ፤ ከሥሩ ቢጫ፤ ከዚያ አረንጓዴ፤ ደግሞ ቀይ፤ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። አሥራ አንድ ዙር ቆጠረ። ቀጭን ሽቦ አስገብቶ አጸዳት፤ አፉን ገጥሞ ሲነፋባት አየሩ ወደ ውስጥ አለፈ።

አግዳሚው ላይ ወደተቀመጠችው ሴት አየ። ብርጭቆዋን ታቅፋ መንገዱን ታያለች። ምንም ባይናገርስ? ማን ያውቅበታል? ከዚያ የባሰ ሐሳብም መጣበት፤ መልሶ ቢደፍናትስ? ዘይቱ መንገድ ላይ ይጎድላል፣ ሴትየዋ ትመለሳለች። ይህን እንዳሰበ ጂፕዋ በላ ሊኔያ ጭጋግ ውስጥ፣ በጭነት መኪኖች መሀል ቀጥ ስትል ታየችውና እጁን እንደተቃጠለ ሰው አነሳ። እውነቱን ከተናገርን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን ቀዳዳ ያላያት ሙያ አጥቶ አይደለም። ካያት ይሠራታል፤ ከሠራት ሩቢኤላ አትመጣም። ዓይኑ ይህን ያውቅ ስለነበር ወደዚያ አልዞረም።

አዲሱን ፓራኦሊዮ የጎማውን ከንፈር ወደ ዘይቱ አድርጎ፣ ዙሪያውን እኩል እየመታ አስገባው። ዘንጉን መለሰ፣ ዘይቱን ከመሙያው አፍ እስኪደርስ ሞላ። ጂፕዋን ሦስት ጊዜ አደባባዩን አዙሮ መጣና ሥሯ ንጹሕ ካርቶን ዘረጋ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀ። ካርቶኑ እንደነጣ ነው።

"ዶኛ ሩቢኤላ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ይሰድቡኛል።"

"መጀመሪያ ይንገሩኝ፣ ከዚያ እሰድብዎታለሁ።"

"ፓራኦሊዮው ምንም አልሆነም። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ድሮም ምንም አልሆነም። ቀለሙ ነው፤ መተንፈሻዋን ደፍኗት ኖሯል። ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። ያላየሁት..." ጨርቁን በእጁ ጠመዘዘው። "ያላየሁት ማየት ስላልፈለግሁ ነው። ጂፕዋ ከዳነች እርስዎ አይመጡም።"

ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም። ዳገት እንደወጣ ሰው ትንፋሽ አጠረው።

ሩቢኤላ አልሰደበችውም። ብርጭቆውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

"ኦቪዲዮ ከመቀባቱ በፊት እዚያች ቀዳዳ ላይ የክብሪት እንጨት ይሰካ ነበር" አለች። "ቀለሙ ሲደርቅ ይነቅለዋል። አጠገቡ ቆሜ ክብሪቱን የማቀብለው እኔ ነበርኩ።"

ጊልዳርዶ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

"እሱ በሞተ ዓመት ረሳሁት። በዚያ ሐዘን ማን ክብሪት ያስባል? ማፍሰስ ጀመረች፣ ወደ እርስዎ አመጣኋት። ወንበሩን ወለወሉልኝ፣ አይብ ቆረሱልኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰው እስቲ አረፍ ይበሉ ያለኝ ያን ቀን ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን አልረሳሁም። ክብሪቷን በእጄ ይዣት ነበር። መልሼ ቀፎዋ ውስጥ ከተትኳት።"

"በሦስተኛውስ?"

"በሦስተኛውም። አምናም። አንድ ቀን ቀዳዳዋን ያገኛታል፣ ያን ጊዜ የሚለውን ይላል ብዬ እቀባለሁ፣ እቀባለሁ።"

"አይሂዱ" አለ ጊልዳርዶ።

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። "አምና ባሏ ትቷት ሲሄድ ሉስ ዳሪ 'እማዬ፣ ልጆቹን ይዤ ወደ አንቺ ልምጣ?' አለችኝ። 'ቆይ እስቲ' አልኳት። እዚህ የሚያስቀምጠኝ ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም ነበራ። ዘንድሮ እሷ እዚያ ሥራ ያዘች። ቃሌን ሰጥቻታለሁ፣ ዶን ጊልዳርዶ። ቃል አይበላም።"

ቅዳሜ ማለዳ ጂፕዋ ፍራሽ፣ ሁለት ወንበር፣ የልብስ ስፌት መኪናና በቅርጫት አንዲት ዶሮ ተጭኖባት መጣች። ሩቢኤላ ሞተሩን ሳታጠፋ ከጋራዡ በር ላይ ቆመች።

"ላ ሊኔያን ሲያልፉ ዘይቱን ይዩት" አለ ጊልዳርዶ። ሸሚዝ ቀይሯል።

"አየዋለሁ።"

"መተንፈሻዋንም።"

"እሷንም።" እጇ ማርሹ ላይ ነው፤ አላስገባችም። "ሌላ የሚሉኝ አለ?"

ጊልዳርዶ አፉን ከፈተ። "በደህና ይግቡ" አለ።

"አሜን" አለች፤ ማርሽም አስገባች።

"እኔም ልምጣ" የሚለው ቃል የመጣለት ጂፕዋ በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ከታጠፈች በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እዚህ ምን ነበረው? ክሪክና ቁልፍ በየትም አገር ክሪክና ቁልፍ ነው፤ በቪያቪሴንሲዮም መኪና ይበላሻል። የጋራዡን በር ክፍቱን ትቶ ወጣ። ባለፉት ዓመታት እሷ ስትሄድ፣ ዛሬ በየት በኩል ወረደች ብሎ የሚያውቀው መንገዱ ላይ በተንጠባጠበው ዘይት ነበር፤ ማንም ሳያየው ስንቴ ጠብታውን ተከትሎ እስከ አደባባዩ ሄዷል። አሁንም አጎንብሶ መንገዱን እያየ ሄደ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ደረሰ። ከጥጉም አለፈ።

ዊልማር ጂፑን አጠገቡ አቆመ። "ዶን ጊልዳርዶ፣ ምን ጠፋብዎ?"

"ዘይት።"

ዊልማር በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘ። "የዶኛ ሩቢኤላን ከሆነ አሁን እኮ ነው ያለፈችው። አንዲት ጠብ አላለም! ዘንድሮስ አዳኗት።"

"አዳንኳት" አለ ጊልዳርዶ፤ ግን መሬት መሬቱን እያየ መሄዱን አልተወም።