ያመኛል ያለችው ልጅ

እኛ ቤት «አመመኝ» አይባልም። እናቴ እንዲህ እንድንል አትፈቅድም ነበር፤ እኔም ለእህቴ ልጅ ለኬድያን አልፈቀድኩላትም። ጉልበቷ ተልጦ ስትመጣ «ያምሻል?» እላታለሁ። «አያመኝም አክስቴ» ትላለች። «እሰይ የእኔ ጀግና» ብዬ የተጠበሰ ዓሣ በካሳቫ ቂጣ አቀርብላታለሁ። እኔ ብቻ እንዳልመስላችሁ፤ መንደሩ በሙሉ እንዲህ ነው። ቻምፕስ፣ ማለት በዋና ከተማው በኪንግስተን የሚደረገው የትምህርት ቤቶች ሩጫ፣ ሲደርስ እዚህ ገጠር፣ ሴንት ኤልዛቤት፣ ዶሮዎቹ እንኳ ቸኩለው የሚራመዱ ይመስለኛል። እንዲህ ባለ አገር አልቃሻ ልጅ ማን ይፈልጋል?

ኬድያን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በዱላ ቅብብል መጨረሻ ላይ ዱላውን ተቀብላ የምትገባው እሷ ናት። ላለመኩራት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ።

ለውድድሩ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ከልምምድ እያነከሰች መጣች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ከመነሻው ስፈተለክ ዳሌዬ ላይ ቋ አለብኝ። አሰልጣኝ ፒኖክ ጡንቻ ነው፣ ይታሽ፣ ይሳሳብ ብሏል።»

ማሸት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ቤይ ረም የሚባለውን፣ ሽታው አፍንጫ የሚቆርጠውን አረቄ ይዤ ያላሸሁት ሯጭ በመንደሩ የለም። አጋደምኳትና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እጄ ገና ሲያርፍባት ትንፋሿ ቁርጥ አለ።

«ያምሻል?»

«አያመኝም አክስቴ።»

ላቡ በግንባሯ እየወረደ ነው እንዲህ የምትለኝ። እኔም ጠርሙሱን መልሼ ከደንኩት፤ እጄ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ልትገባ ስትል እግሯን ማንሳት አቃታት። ጭኗን በሁለት እጇ እንደ ዕቃ ብድግ አድርጋ ወደ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ማን አየኝ ብላ ዞር ዞር አለች። ተከትያት ገባሁ። ሾፌሩን «ትምህርት ቤት አይደለም የምንሄደው፤ ሐኪም ቤት ንዳው» አልኩት።

ዶክተር ሌሞኒየስ ገና ልጅ እግር ናት። ስታያት የክፍል አለቃ ትመስላለች፤ ስትናገር ግን ዝም ታሰኛለች። ራጁን መብራቱ ላይ ሰቅላ በእስክሪብቶዋ አሳየችን።

«ይኸውላችሁ፣ ከዳሌ አጥንቷ ጫፍ ቅንጣቢ ተገንጥሎ ተነስቷል።»

«አሰልጣኙ እኮ ጡንቻ ነው ብሏል» አልኳት።

«ትልቅ ሰው ብትሆን ይሆን ነበር። እሷ ገና እያደገች ነው። አጥንቷ የሚያድግበት ቦታ አልጠነከረም፤ ጡንቻዋና ጅማቷ ግን በልምምድ በርትተዋል። በኃይል ሲስቡ እነሱ አይበጠሱም፤ አጥንቱን ይዘው ይነሳሉ።»

«ታዲያ ቀስ አድርጌ ባሸውስ?»

የአረቄዬ ሽታ ደርሷት ነው መሰል ፈገግ አለች። «እማማ፣ ያንን ጠርሙስ ይደብቁት። ማሸትም መሳሳብም ቅንጣቢውን ይበልጥ ያርቀዋል። ክራንች ይዛ ካረፈች ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል፤ ለሚቀጥለው ቻምፕስ ትደርሳለች። አሁን ከሮጠች ግን እኔ ዋስ አልሆንም።»

ስንመለስ ኬድያን ታክሲው ውስጥ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። «አክስቴ፣ አያመኝም እላቸዋለሁ። አንዴ ብቻ ልሩጥ።»

ቃሉ የእኔ ነው፤ መልሳ ሰጠችኝ። «ውሳኔው ያንቺ ነው» ማለት ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ አልወጣም። እኔ ብሆን እሮጥ ነበር፤ እውነቱ ይህ ነው።

ቡድኑ ወደ ኪንግስተን የሚሄድበት ቀን የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ተሞላ። የትምህርት ቤቱ የድሮ ተማሪ ሚስተር ዱሃኒም የያኔውን ክራቫት አስሮ መጥቷል። ሲሮጥ ያየው ሰው የለም፤ እሱ ግን በየዓመቱ ለሯጮቹ ምክር ይሰጣል። ሐኪሟ ያለችውን ስነግራቸው ሳቀብኝ።

«አንድ መርፌ እኮ ናት! ይደነዝዝላታል፣ ትሮጣለች፣ አለቀ።»

«መርፌውን አንተ ተወጋና ሩጥ» አልኩት። «ያ ቦርጭ ሲዘል እንየው።»

ሰው ሳቀ። አሰልጣኝ ፒኖክ ግን መሬት መሬቱን ያያል። የእሱ ዝምታ ከዱሃኒ ወሬ ይበልጥ ደሜን አፈላው።

«ሚስ ኢቫድኒ፣ አንቺን አልጠየቅኩም» አለ ዱሃኒ። «ልጅቷ ትናገር። ኬድያን፣ ያምሻል?»

መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ኬድያን ክራንቿን አውቶቡሱ ላይ አስደግፋ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ቀጥ ብላ መቆሟን ሳይ አለቀ፣ ልትሮጥ ነው አልኩ።

«ያመኛል» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ያመኛል ጌታዬ። በጣም ያመኛል። ሌላ ጊዜም መሮጥ እፈልጋለሁ።»

ድምፅዋ ተንቀጥቅጧል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። ሚስተር ዱሃኒ ክራቫቱን ነካካ። አንዲት ሴት ከኋላዬ «ጉድ፣ እንዲህም ይባላል?» አለች። ያኔ የሆነ ነገር ሆነ። የቡድኑ ትንሿ፣ ዱላውን ይዛ የምትነሳው ትሪሽ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ እጇን አወጣች።

«አሰልጣኝ፣ እኔም ቁርጭምጭሚቴ ከዞረ ወዲህ አልዳነም። በፕላስተር ጠቅልዬ ነው የምሮጠው።»

ሌላዋ እጇን አወጣች፤ ቅልጥሟን አንድ ቦታ ላይ ሲነኳት ትጮኻለች። ከኋላ የቆመችውም ተረከዟ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በእግር ጣቷ ነው የምትራመደው።

አሰልጣኝ ፒኖክ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አልጠየቁንማ» አለች ትሪሽ። «"ደህና ናችሁ አይደል?" ነው የሚሉን።»

ሰውየው ፊቱን በእጁ አሻሸ። ቆይቶ ተነሳና «ሚስ ኢቫድኒ፣ የዚያችን ሐኪም ስልክ ስጪኝ» አለኝ። አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሄደ። በቅብብሉ ተጠባባቂዎቹ ሮጡ፤ መጨረሻ ወጡ። ኬድያን በሬዲዮ እያዳመጠች በክራንቿ ወለሉን እየደበደበች አበረታታቻቸው።

ቅዳሜ ገበያ ለሽያጭ ያመጣሁትን ዓሣ ቅርፊቱን ስልጥ፣ ያም የሚባለውን ሥራ ሥር የምትሸጠው ሴትዮ ከመደቧ ማዶ ጮኸችብኝ። «ኢቫድኒ! ያቺ ያመኛል ብላ ያዋረደችን ልጅ ያንቺ ናት አሉ?»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። እጄን በሽርጤ ጠረግሁና ገበያው እንዲሰማ ተነስቼ ቆምኩ።

«አዎ፣ የእኔ ናት» አልኳት። «ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ይህን ግን እኔ አላስተማርኳትም፤ ከራሷ ያመጣችው ነው።»