የዘገየው ምት

ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። የካልደር ቤይ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ሲወጣ የገዛው በትውልድ ከተማቸው በቤከርስፊልድ ያለው ዘመድ አዝማድ ብቻ ነበር፤ እሱም በይሉኝታ። ሁለተኛው ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ አገር ምድሩን አዳረሰ። ጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ እሱ ነው፤ ገበያ አዳራሽ ቲማቲም ስትመርጥም እሱ ነው። ጩኸት የሚጠላ ሰው ሁሉ ወደደው። ሦስተኛው ሲቀዳ ታዲያ አሳታሚው ኩባንያ ዓይኑን ከስቱዲዮው በር አልነቀለም።

የባንዱ ድራመር ዌንዴል ፕራዘር ሲመታ ትንሽ ይዘገያል። ስንፍና አይደለም። ልጆች ሳሉ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በማንኪያ እየመታ፣ ታላቅ እህቱ ማርሊስ ትንፋሽ እስክትወስድ ይጠብቃት ነበር። እሷም እሱ ሳይመታ አትጀምርም። እንዲህ እየተጠባበቁ አደጉ፤ አሁን ዘፋኟ እሷ፣ መቺው እሱ ነው።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰው ዘፈን የሚሰማው መኪናው ውስጥ ነው። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩ ላይል ኦስጉድ አልበም ባለቀ ቁጥር፣ ያን ሁሉ ውድ ስፒከር ትቶ፣ በካሴት ይገለብጥና ግቢው ውስጥ በቆመች አሮጌ መኪናው ያሰማል። ዲስኮ ከተማውን ባናወጠበት በዚያ ዓመትም ጸደይ ላይ ሦስቱ መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ማርሊስ ከፊት ተቀመጠች፤ ዌንዴል ከኋላ።

ዘፈኑ ጀመረ። ዌንዴል እንደ ልማዱ ጉልበቱን በጣቱ መታ። ድራሙ ቀደመው። ደግሞ መታ፤ አሁንም ቀደመው። ጣቱን ሰበሰበ። የሚሰማው የእሱ እጅ አልነበረም።

ማርሊስ የራሷን ድምፅ ስትሰማ ሁሌም ዓይኗን ጨፍና ትሸማቀቃለች። ሲያልቅ፣ “አምሯል” አለች አጠር አድርጋ፤ ወርዳም ሄደች።

“ማነው የመታው?” አለ ዌንዴል።

ላይል በመስታወቱ አየው። “በቀን የሚቀጠር ሰው ነው፤ ስሙ አይወጣም። ማርሊስ ዘፍና ከጨረሰች በኋላ ባንተ ቦታ አስገባነው። ሽፋኑ ላይ ያለኸው አንተ፣ መድረክ ላይ ያለኸው አንተ። ምን ቀረብህ?”

“እጄ ነዋ የቀረው።”

“ዌንዴል፣ ዘመኑ የዲስኮ ነው። ሬዲዮ ጣቢያው ቀጥ ያለ ምት ይፈልጋል። አንተ ቆንጆ ትመታለህ፤ ግን ትጎተታለህ።”

“ማርሊስ ታውቃለች?”

“ጠይቃት” አለ ላይል፣ ቁልፉን እያሽከረከረ።

አልጠየቃትም። አውቃ ተስማምታ ቢሆንስ? “አምሯል” ያለችው ያንን ይሆን? ሌላው ሰው ሁሉ ቢለውጠው ይችለዋል፤ እሷ ለውጣው ከሆነ ግን ከዚያ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ጀምሮ ያለው ሕይወቱ ሁሉ ይፈርሳል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ቤቱ ገባና፣ መድረክ ላይ አልበሙን እንዲመስል፣ ካሴቱን እየሰማ የማያውቀውን ሰው እጅ ያጠና ጀመር። የገዛ ዘፈኑን እንደ ባዕድ ቋንቋ መማር ነበር። ውርደቱ አንገበገበው።

ለኮንሰርት ጉዞው ልምምድ በርባንክ ከተማ ባለ አንድ መጋዘን ሲሰበሰቡ በደንብ ችሎታል። ጀመሩ። ምቱ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ማርሊስ ዘግይታ ገባች። እንደገና አስጀመሩ፤ እንደገና ዘገየች። ጊታር መቺው ፈገግ አለ። በሦስተኛው ማይኩን ዝቅ አደረገችና ለሁሉም ተናገረች።

“ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ካሴቱም ላይ ዘግይቻለሁ። መኪናው ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ድምፄ ሳይደክም አልቀረም።”

ዌንዴል በትሮቹን አስቀመጠ። ፊቷ ቀልቷል፤ አንገቷን የደፋችው በእሱ ኀፍረት ነው። የራሱን ሊችል ቆርጦ ነበር፤ የእሷን ግን አልቻለም።

“አልዘገየሽም” አለ፣ ሁሉም እየሰማ። “አልበሙ ላይ ያለው ድራም የእኔ አይደለም። አንቺ ከዘፈንሽ በኋላ ለወጡኝ። እኔም ያንን ሰው እያስመሰልኩ ነው።”

ላይል በሩ አጠገብ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

“መቼ ነው ያወቅኸው?” አለች ማርሊስ።

“መኪናው ውስጥ።”

“እና ዝም አልከኝ?”

“የምታውቂ መስሎኝ።”

ማርሊስ ድራሙ ድረስ መጣች። “እኔ አንተን?” አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። “አንተ ደደብ። ያን ሁሉ ዘፈን አንተን እየጠበቅኩ እኮ ነው የዘፈንኩት። በል ምታ፤ የራስህን።”

“አልበሙን አይመስልም” አለ ላይል ከበሩ።

“አይምሰል” አለች፣ ዞር ብላም ሳታየው።

ዌንዴል መታ፤ ትንሽ ዘገየ። እሷም እዚያው ላይ ገባች።

አልበሙን ማስተካከል ግን አልተቻለም። ታትሞ አልቆ ነበር፤ እንደዚያው ወጣ፣ ከሁለተኛውም በላይ ተሸጠ። ማርሊስ ከምቱ ወደኋላ ማለቷን ጋዜጠኞች ጥበብ ነው ብለው ጻፉላት። ዌንዴል ዛሬም መኪና እየነዳ ሳለ ያ ዘፈን ከሬዲዮ ሲመጣ አያጠፋውም። እህቱ ብቻዋን ቆማ የምትጠብቅበት ቦታ ሲደርስ፣ መሪውን በጣቱ ይመታላታል።